ቢጫ የሆነችው ዓሣ አልታመመችም

የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ድንክ ሲክሊዶች የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች በቤት ውስጥ አኳሪየም

ከአያት የደወሉ አድማጭ፦ አፒስቶግራማ የሚባሉ ዓሦች አሉኝ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንደኛዋ ሴት እንደ አስኳል ቢጫ ሆናለች፤ ወንዱ ባለፈ ቁጥርም ታባርረዋለች። ባለቤቴ የወፍ በሽታ ነው ይላል። መድኃኒት ልጨምር?

መልስ፦ ኧረ መድኃኒቱን ያስቀምጡት! ይልቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበሏት። የአፒስቶግራማ ሴት ዕንቁላል ስትጥል እንዲህ ቢጫ ትለብሳለች፤ በጎኗ ያለው ጥቁር ምልክትም ይጎላል። ዕንቁላሎቹን የምትለጥፈው በመሸሸጊያዋ ጣሪያ ላይ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ ለአምስት ቀን ያህል መዋኘት አይችሉም፤ የሚመገቡትም ከሆዳቸው ጋር የተያያዘውን አስኳል ነው። መዋኘት ሲጀምሩ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ የጨው ውሃ እንስሳ) ይስጧቸው። በባትሪ እያበሩ አይጎብኟት፤ የተደናገጠች እናት ዕንቁላሏን ልትበላ ትችላለች። ወንዱ ክንፉ ከተቀደደና ጥግ ላይ ተሸጉጦ ከቀረ ለጊዜው ሌላ ቦታ ይውሰዱት፤ በገዛ ቤቱ ተደብድቦ የሚሞት ወንድ ብዙ ነው። መሸሸጊያ ካነሰ ደግሞ ከጎኑ የተነደለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል። አሮጌ ጀበና ለማስገባት ያሰቡ ካሉ ግን ቡና ያልተፈላበት ይሁን።

ከኮልፌ የደወለ ወጣት፦ ራም የሚባሉ ስድስት ድንክ ሲክሊዶች ገዝቼ በዚያው ቀን ከቧንቧ በሞላሁት አኳሪየም ውስጥ ጨመርኳቸው። በሳምንት ውስጥ አራቱ ሞቱ። ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው።

መልስ፦ ለዓይን የጠራ ውሃ ለዓሣ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ያወጣል። ያንን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ እስኪደላደሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ አስበው፤ እርሾውም ከሰው ይገኛል። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛህ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ቢሰጥህ ጊዜው በጣም ያጥራል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፤ ክሎሪኑ እርሾውን ይገድልብሃል። የምትጨምረውንም ውሃ በክሎሪን ማርከሻ አክመው። ለቀሩት ሁለቱ ውሃውን በየቀኑ ሩብ ያህል ቀይርላቸው፣ ምግቡንም ቀንስ። አሞኒያና ናይትራይት ሲለኩ ዜሮ ሳይሆኑ ሌላ ዓሣ አትግዛ። ራም ለጀማሪ የሚሸጥ ዓሣ አይደለም፤ ይህንን ሻጩ ሊነግርህ ይገባ ነበር።

ከእንጦጦ ሥር የደወሉ አባት፦ ልጆቼ ራም ያረባሉ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ማጣሪያውም ይቆማል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ለአዲስ አበባ ሰው ዋነኛው ነው። ራም የቬኔዝዌላና የኮሎምቢያ ሞቃት ሜዳዎች ዓሣ ነው፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ውሃ ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ከፍታ ላይ ሲሆን ይብሱን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ 28 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ 7.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ወደ 6 ሚሊ ግራም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ሲል እርስዎ ቀነስ ያድርጉ፤ የአየር ፓምፑም ሌሊትና ቀን ይሥራ። መብራት ሲጠፋ ምግብ አይስጡ። አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጎን ለጎኑን ይሸፍኑት፤ ላዩን ግን አይድፈኑት። ሙቅ ውሃ የያዘና በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያንሳፍፉ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ ልጆቹ በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት፤ ሥራውን ይወዱታል። ማጣሪያው ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ እንደገና ከመክፈትዎ በፊት ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይለቅልቁት፤ ውስጡ የታፈነው ቆሻሻ ዓሦቹ ላይ እንዳይለቀቅ።

ከሐዋሳ የደወለ ተማሪ፦ ከሐይቁ ትንንሽ ቆሮሶ ይዤ ከድንክ ሲክሊዶቼ ጋር ልጨምር?

መልስ፦ በዘር የአጎት ልጆች ናቸው፤ ቆሮሶም ሲክሊድ ነው። ግን አይሆንም። ቆሮሶው በወራት ውስጥ አድጎ ያስጨንቃቸዋል፤ ከሐይቁ የመጣ ጥገኛ ተባይም ይዞባቸው ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ ማርባቱ ሲሰለችህ ድንኮቹን ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቃቸው፤ ለሚፈልግ ሰው ስጣቸው።