የሚነበብ መታሰቢያ፦ ስለ አሜሪካ በራሪዎች ቤተ መጻሕፍት በኖሪች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከለንደን፣ ከበርሚንግሃምና ከሊድስ ሳይነጋ ተነሥታችሁ እስከ ኖሪች ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ ደግሞ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የምንገባበት ክፍል ውስጥ የምታዩት መደርደሪያ፣ ጠረጴዛና ወንበር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህ ነው?» ልትሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከመግባታችን በፊት ክፍሉን እነማን እንዳቆሙትና ለምን እንዳቆሙት ልንገራችሁ። ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ስምንተኛ አየር ኃይል ጀርመንን ለመደብደብ የሰፈረው በእንግሊዝ፣ በተለይም በዚህ በምሥራቁ ክፍል ነበር። ከክፍለ ጦሮቹ አንዱ፣ ሁለተኛው የአየር ክፍለ ጦር፣ ኖሪች ያለችበትን የኖርፎክን ገጠርና የሰሜን ሰፎክን ጥግ ያዘ። ዋና መምሪያው ከዚህ ብዙም በማይርቀው ኬተሪንግሃም ሆል ነበር። ገብስ ይበቅልባቸው የነበሩ ማሳዎች በጥቂት ወራት ውስጥ የኮንክሪት መንደርደሪያ ሆኑ። ለከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ብቻ 14 ሰፈሮች ተሠሩ። ከኖሪች ዙሪያ በ30 ማይል ክልል ውስጥ 50,000 ያህል አሜሪካውያን ነበሩ። የመንደር ልጆች ማስቲካ ስጡን እያሉ ይከተሏቸዋል፤ ወጣቶቹ በየዳንስ ቤቱ ይተዋወቃሉ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ብዙ እንግሊዛውያት ሙሽሮች ባሎቻቸውን ተከትለው አትላንቲክን ተሻገሩ።

ይህ የሚያስደስተው ወገን ነው። ሥራቸው ግን ሌላ ነበር።

የሚበሩበትን አውሮፕላን እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉት። ቢ-24 ሊበሬተር ይባላል። አራት ሞተር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሰው ይይዛል፦ ሁለት አብራሪዎች፣ መንገዱን የሚመራ አንድ ናቪጌተር፣ ቦምቡን የሚያነጣጥር፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የበረራ ሜካኒክ፣ የቀሩት መትረየስ ተኳሾች። ዛሬ አዲስ አበባ ደርሰን ስንመለስ እንደምንሳፈርበት አውሮፕላን ውስጡ ሙቀትና የተመጠነ አየር የለውም። ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኦክስጅን ጭንብሉ የተበላሸበት ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። የጎን ተኳሾቹ ለረጅም ጊዜ የቆሙት በተከፈተ መስኮት ፊት ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። የተነከሰ ጥይት ለማስለቀቅ ጓንቱን አውልቆ ብረቱን የነካ ልጅ ቆዳው ብረቱ ላይ ይቀራል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ነበራቸው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ግን ጣት በውርጭ ይበላል። ልጅ ያልኩት በማጋነን አይደለም፤ ብዙዎቹ ገና 20 እና 21 ዓመታቸው ነበር።

ጠላት ጋ ከመድረሳቸው በፊትም አደጋ ነበረባቸው። እርስ በርስ ከተቀራረቡ ሜዳዎች በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች በማለዳ ደመና ውስጥ ተነሥተው ሳይጋጩ መሰለፍ አለባቸው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ምድብ፣ ማለትም ከአንድ ሰፈር አብሮ የሚበረው ቡድን፣ አንድ ያረጀ አውሮፕላን ከሩቅ እንዲለይ በደማቅ መስመር ወይም በነጠብጣብ ቀብቶ ፊት ፊት ያስበርረው ነበር። የሄተል ሰፈሩ አረንጓዴ መስመር የተቀባ ሲሆን «አረንጓዴው ዘንዶ» ይሉት ነበር። ሰልፉ ሲሟላ እርሱ ወደ ሜዳው ይመለሳል፤ ሌሎቹ ባሕሩን ይሻገራሉ። የኖርፎክ ልጆች ጠዋት ሲሄዱ ይቆጥሯቸዋል፤ ሲመለሱም ይቆጥራሉ። የሁለቱ ቁጥር አንድ የማይሆንበት ቀን ብዙ ነበር።

ከእነዚያ ቀኖች አንዱን ልጥቀስ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1944 ከቲበንሃም የተነሣው 445ኛ ምድብ ወደ ጀርመኗ ከተማ ካሰል ሲሄድ ከዋናው ሰልፍ ተነጠለ። ሠላሳ አምስት አውሮፕላኖች ነበሩ። የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከኋላ መጡባቸውና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 25ቱን ጣሏቸው። ከተረፉት ውስጥ ገሚሶቹ በየመንገዱ ወደቁ ወይም ያገኙት ሜዳ ላይ አረፉ። በዚያ ዕለት ቲበንሃም የተመለሱት አራት ብቻ ናቸው። በማግሥቱ ያልተመለሱትን ልጆች ዕቃ ከየአልጋቸው ሥር ሰብስቦ፣ ደብዳቤያቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለይቶ ወደየቤተሰባቸው የሚልክ ሰው መመደብ ነበረበት። ያ ሰው ያን ሳምንት እንዴት እንደሠራ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ከዚህ ክፍለ ጦር በጠቅላላው ወደ 7,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞተዋል።

በ1945 ጦርነቱ ሊያበቃ፣ የተረፉትም ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ ለሞቱት ጓደኞቻችን ምን እንተው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሐውልት ማቆም ይችሉ ነበር። ደግሞም ሐውልትና የመቃብር ሥፍራ ያስፈልጋል፤ ካምብሪጅ አጠገብ ማዲንግሊ ያለውን የአሜሪካውያን መካነ መቃብር ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ አስከሬናቸው ያልተገኘ ከ5,000 በላይ ሰዎች ስም በረጅሙ ግንብ ላይ ተቀርጿል። የሁለተኛው ክፍለ ጦር ሰዎች ግን ሌላ መረጡ። ከየራሳቸው ደመወዝ አዋጡ፤ ገንዘቡ ከ20,000 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ ይህም ለዚያ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከተማዋ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ውስጡ አንድ የመታሰቢያ ክፍል እንዲኖር፣ በዚያም ስለ አሜሪካ የሚናገሩ መጻሕፍት እንዲቀመጡና ማንም ሰው ገብቶ እንዲያነብ ወሰኑ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ምርጫ ነው። እኛ ሰው ሲሞትብን ተዝካር እናወጣለን፤ በሟቹ ስም ቋሚው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደሃው ይጠግባል። እነዚህ ወጣቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሟቾቹ ስም ያስተናገዱት ግን የራሳቸውን ወገን ብቻ አልነበረም፤ ሞተራቸው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣቸው የነበሩትን የኖርፎክ ገበሬዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። እነሆ ዛሬ ደግሞ እኛንም።

ገንዘቡ እጃቸው ቢገባም ቤቱ ቶሎ አልተሠራም። ኖሪች በ1942 ክፉኛ ተደብድባ ስለነበር ከቤተ መጻሕፍት በፊት የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ነበሩ። ዓመታት አለፉ። ክፍሉ የተከፈተው ጁን 13 ቀን 1963 ነው፤ ከውሳኔው 18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ገንዘቡን በታማኝነት የጠበቁት፣ የሚመሩትም፣ መታሰቢያውን በአደራ በሚያስተዳድረው ማኅበር፣ በትረስቱ፣ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በየትም አይጠራም፤ እኔ ግን ዛሬ ማመስገን እወዳለሁ።

ከዚያ እሳቱ መጣ። ኦገስት 1 ቀን 1994 የኖሪች ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ከ100,000 በላይ መጻሕፍት ጠፉ፤ የመታሰቢያው ክፍል መጻሕፍትም አብረው ነደዱ። ኦገስት 1 ለእነዚህ ሰዎች ድሮውንም ከባድ ቀን ነበር። በ1943 በዚያው ቀን ከኖርፎክ ሰፈሮች ወደ ሊቢያ የተላኩ ሦስት ምድቦች ከሌሎች ሁለት ጋር ሆነው ከቤንጋዚ ተነሥተው ሩማንያ ውስጥ ፕሎየሽቲ ያሉትን የነዳጅ ማጣሪያዎች ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው ደበደቡ። ከ177 አውሮፕላኖች 54ቱ አልተመለሱም። የሄተሉ ወጣት አብራሪ ሎይድ ሂዩዝ ነዳጅ እየፈሰሰው ወደ ነበልባሉ ገብቶ ዒላማውን መታና ሞተ፤ የአገሩን ከፍተኛ ሜዳይም የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው። ከ51 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት መታሰቢያቸው ተቃጠለ።

የድንጋይ ሐውልት ቢሆን ጥላሸቱ ይታጠብና ይቀጥላል። መጽሐፍ አመድ ሲሆን ግን እንደገና መጀመር ነው፤ የተጀመረውም ወዲያውኑ ነው። የቀድሞዎቹ በራሪዎች ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እነርሱና ቤተሰቦቻቸው እንደገና አዋጡ፣ እንደገና መጽሐፍ ላኩ። ኖሪች ከፒተር ማንክሮፍት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ዘ ፎረም የተባለውን የመስታወት ሕንፃ ስትሠራ ለመታሰቢያው ቦታ ተሰጠው። በኖቬምበር 2001 በአዲሱ ቤት ተከፈተ። ትረስቱ ፉልብራይት ከተባለው የአሜሪካ የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ከአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እየመጡ እዚህ እንዲሠሩም አድርጓል።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹን መጻሕፍት ስትከፍቱ ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ታገኛላችሁ። በወረቀቷ ላይ መጽሐፉ በማን መታሰቢያ እንደተገዛ ተጽፏል፤ የሰው ስም አለ፣ ብዙ ጊዜም የነበረበት ምድብ። መጽሐፉ ስለ ጦርነት ላይሆን ይችላል። ስለ አትክልት፣ ስለ ጃዝ፣ ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ፣ ስለ ምግብ አሠራር ሊሆን ይችላል። አንዲት የኖሪች ተማሪ ለፈተናዋ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚናገር መጽሐፍ ተውሳ ስትሄድ፣ ያንን ስም በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትሄደው።

መጽሐፍ ያለበት መታሰቢያ ደግሞ ከባዱን ጥያቄ አይሸሽም። ቦምቡ የወደቀው በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከታች እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህን የማይናገር መታሰቢያ እኔ ሙሉ ነው አልልም። እዚህ ለበራሪዎቹ የቆሙ መጻሕፍትና ድብደባውን የሚተቹ መጻሕፍት በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ አንባቢው ይመርምር። በራሪዎቹን ማክበርና ከታች የነበሩትን ማሰብ እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ያኔ የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮችን ለያይቶ ነበር የሚያሠራው። በእነዚህ ቦምብ ጣዮች ላይ ጥቁር በራሪዎች አልተመደቡም። በምሥራቅ እንግሊዝ የአውሮፕላን ሜዳ የሠሩ፣ ቦምቡን በካሚዮን ያመላለሱ ጥቁር ወታደሮች ግን ነበሩ። ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ታስታውሱታላችሁ። ያ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወርረን ሲዘጋጅ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ትንሿን አየር ኃይላችንን መራ። በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ በዚያው በአገራችን ዐረፈ። በክፍሉ ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍት አሉ። ልጆቻችንን ወደ እነርሱም እንምራቸው፤ የአሜሪካ በራሪዎች ታሪክ የሮቢንሰንም ታሪክ ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ስንወጣ ጊዜ ካለን ወደ ሃይግሃም ስትሪት እንሄዳለን። ኖቬምበር 24 ቀን 1944 አንድ ቢ-24 ከዚያ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ማማ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና የነበሩበት ዘጠኙም ሞቱ። የሰፈሩ ሰዎች ስማቸውን በሰሌዳ አስጽፈው አቆሙላቸው። ከያኔዎቹ የአውሮፕላን ሰፈሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ዛሬ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ሆርሻም ሴንት ፌይዝ የኖሪች አውሮፕላን ማረፊያ ሆኗል፣ ሄተል ላይ ሎተስ መኪናውን ይሠራበታል። በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚታዩ ትንንሽ መታሰቢያዎች አሉ፤ ከዚህ በፊት በመኪና አልፋችሁባቸው ይሆናል።

ዛሬ በሕይወት ያሉ የዚያ ጊዜ በራሪዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ክፍሉን ነገ የሚያቆየው የሚገባበት ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋው ሰው መምጣቱን ሲተው መሆኑን እዚህ አገር የምንኖር ሁላችን በየሰፈራችን አይተናል። እኛ ደግሞ ወደዚህ አገር የመጣን እንግዶች ነን። እነዚያም እንግዶች ነበሩ፤ ለአስተናገዳቸው ሕዝብ የተዉት የሚነበብ ነገር ነው። ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው፦ ይህን ክፍል ተጠቀሙበት።

አሁን ስንገባ ትልልቆቹ መጀመሪያ ወደ ክብር መዝገቡ እንሂድ፤ የሞቱት ሁሉ ስም እዚያ አለ። ልጆች፣ እናንተ የወደዳችሁትን መጽሐፍ አንሡና ሽፋኑን ገልጣችሁ ስም ካለ በማስታወሻችሁ ጻፉት፤ ከየትኛው ሰፈር ይበር እንደነበር ለማወቅ በጠረጴዛው ያሉትን ባለሙያዎች ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያግዟችኋል። ኖርፎክ የምትኖሩ ዛሬውኑ የአባልነት ካርድ አውጡ፣ በነፃ ነው። ከሩቅ የመጣችሁም እዚያው ተቀምጣችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ምሳ የሚቀርበው በሰባት ሰዓት ስለሆነ ጊዜ አለን፤ በዚህ በኩል ግቡ። አመሰግናለሁ።