ፍራንክፈርት ላይ “እሺ” ስትሉ ተጠንቀቁ

እንደምን ዋላችሁ! ወንበር ያጣችሁ እዚ ፊት ኑ፣ ፊት መቀመጥ ስለማንወድ ነው እንጂ ሁለት መስመር ባዶ ነው።

እኔ ስለ ጨርቅ ነው እንጂ ስለ ንግግር ብዙም አላውቅም፣ ግን ዘንድሮ ለሃይምቴክስቲል፣ ፍራንክፈርት ጀርመን ለሚደረገው የቤት ጨርቃጨርቅ ኤግዚቢሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ስላላችሁ ያለፍሽበትን ንገሪያቸው ስላሉኝ ጽፌ መጥቻለሁ፣ እያነበብኩ ነውና ይቅርታ። ዋናው ነገሬ አንድ ነው። ጀርመን አገር እኔን ያከሰረኝ ብርዱም ቋንቋውም አይደለም፣ የተናገርኩትንና የጻፍኩትን ነገር እንዳለ ስለሚወስዱት ነው። ሰዓት ካላችሁ ሰዓት ነው፣ ቁጥር ከጻፋችሁ ቁጥር ነው፣ እሺ ካላችሁ ደግሞ በቃ አለቀ።

ከሰዓት ልጀምር። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አንድ ገዢ ካርዱን ሰጠኝና በእንግሊዝኛ “ሃፍ ስሪ” ላይ ስታንዳችን ጋ ብቅ በዪ አለኝ። ሃፍ ስሪ ለኔ በፈረንጅ ሶስት ተኩል ነው። ለካ ጀርመን “ሃልብ ድራይ” ሲል ሶስት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማለቱ ነው፣ ሁለት ተኩል! በኛ ስምንት ተኩል። እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ነጠላዬን አሳምሬ፣ ሳምፕሌን ተሸክሜ ደረስኩ፣ ሰውዬው ከሌላ ሰው ጋር ቁጭ ብሏል። ቀና ብሎ አየኝና ሰዓቱን አየ፣ ምንም አላለኝም፣ ተመልሶ ወሬውን ቀጠለ። ከዛ በኋላ ማንም ሰዓት ሲነግረኝ በቁጥር 14:30 ብሎ እንዲጽፍልኝ ነው የማደርገው፣ አላፍርም። የእጅ ሰዓታችሁን በሃበሻ ሰዓት የምታስሩ ደግሞ አውልቁት፣ ጥር ላይ ከኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ እዛ ጠዋት 9:00 ሲሆን እጃችሁ ላይ ያለው 5 ሰዓት ነው የሚለው፣ ማን እያሰላ ይኖራል።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰዓት አክባሪ ናቸው ሲባል ባቡራቸውን አይጨምርም። በ2024 እ.ኤ.አ. የረጅም መንገድ ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሱት ከመቶ 62 ገደማ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ስድስት ደቂቃ እስካልሞላ ድረስ የዘገየውን “በሰዓቱ” ብለው ቆጥረው ነው። ስለዚህ ኮሎኝ ወይ ሌላ ከተማ ቀጠሮ ካላችሁ አንድ ባቡር ቀድማችሁ ውጡ። ባቡሩ ነው የዘገየው ብትሉት ይገባዋል፣ ራሱም የተቃጠለ ነው፣ ግን ቀጠሮው አይመለስም።

ቁጥር። ይሄን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የነሱ ነጥብና ኮማ ከኛ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሺህን በነጥብ ሳንቲምን በኮማ ነው የሚለዩት። እኔ ብሮሸሬ ላይ በወር 1,200 ፎጣ እንሰራለን ብዬ አሳትሜ ነበር፣ አንዷ ገዢ ትኩር ብላ አየችውና በወር አንድ ፎጣ ከምናምን ነው የምትሰሩት? ብላ ሳቀች። የሳቀችው እንኳን እሰየው፣ ስንቱ ዝም ብሎ አልፎኝ እንደሆነ ምን አውቃለሁ! አሁን 1200 ብዬ ምንም ሳልቀባ ነው የምጽፈው፣ ዋጋ ላይ ደግሞ እንደነሱ 4,50 እላለሁ። በቃል ሲነጋገሩም 25ን “አምስትና ሃያ” ብለው ነው በቋንቋቸው የሚቆጥሩት፣ እንግሊዝኛ ሲናገሩ አንዳንዴ ይምታታባቸዋል፣ 52 ይሁን 25 ካልኩሌተር አውጥታችሁ አሳዩት።

ስም ላይ ቶሎ ልለፍ። እዛ የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ነው፣ እኛ ደግሞ የለንም፣ ስለዚህ አባታችሁን ነው የሚጠሩት። ፍራው (ወይዘሮ) ታደሰ ሲሉኝ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ሆቴሉም ባጁም ቲኬቱም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፣ እኔ አንዴ በራሴ ስም ተይዞልኝ ሪሴፕሽኗ የለሽም ብላ በዛ ብርድ ስንት ሰዓት ተገተርኩ። “አንተ” ና “እርስዎ” ደግሞ እንደኛው አላቸው፣ ዱ እና ዚ ይባላል፣ እነሱ ዱ እንባባል እስኪሉ በእርስዎ ቆዩ፣ እሱ ለኛ አይከብድም።

አሁን ወደ እሺ ልምጣ፣ ይሄ ነው ያቃጠለኝ። እኛ እሺ ስንል ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ እንሞክራለን ማለት ነው፣ ፊትህን አላሳፍርህም ማለትም ነው፣ አይደል? ሰው ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። አንድ ሱቆች ያሉት ሰውዬ ትዕዛዙ እስከ ጥቅምት መግቢያ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥሩ ትዕዛዝ ነበር፣ አፌ እስኪደርቅ እሺ እሺ አልኩ። በልቤ ግን መስከረም ላይ ሽሮ ሜዳ ማን እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ሸማኔዎቼ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ናቸው፣ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፣ መስቀል ደግሞ ለነሱ የአንድ ቀን በዓል አይደለም። እንዴትም ብዬ እለምናቸዋለሁ አልኩ። ማን ሊሰማኝ! ጭር አለ፣ ሸማ መስሪያው ላይ ድሩ እንደተወጠረ ቀረ። ዕቃው ሲደርስ የሰውዬው የገና ሽያጭ ጀምሯል፣ አልተቀበለኝም፣ አልተቆጣኝምም፣ በጣም ጨዋ ኢሜይል ነው የጻፈልኝ። ያ ኢሜይል አሁንም አለኝ።

በዓመቱ ሌላ ገዢ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ጥርሴን ነክሼ አይ፣ መስከረም ላይ ሰራተኞቼ በዓል አላቸው፣ በህዳር መጀመሪያ ነው የምችለው አልኩት። ይቀየመኛል ብዬ ስጠብቅ ደስ አለው! ማስታወሻው ላይ ጻፈው፣ በዓሉ ምንድነው ብሎም ጠየቀኝ፣ እስካሁን ደንበኛዬ ነው። አይሆንም ማለት እዛ ስድብ አይደለም፣ እነሱም ሲሉት ቶሎ ነው የሚሉት፣ ጨርቁ ወፍራም ነው ቀለሙ ይለቃል ብለው ፊታችሁ ይነግሯችኋል፣ አትቀየሙ፣ እንዲህ የሚላችሁ ሰው ሊገዛ የሚያስብ ነው። ቆንጆ ነው ቆንጆ ነው እያለ ነካክቶ የሚሄደው ነው የማይገዛው፣ እሱ እንደኛው ነው።

እንግዲህ ስለ መንገዱ። የኛ አየር መንገድ ሌሊት በሮ ጠዋት ያደርሳችኋል፣ ያው ተርሚናል 1 ነው። ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት የገባችሁበትንም የወጣችሁበትንም ቀን ይቆጥራል። የግብዣ ደብዳቤ፣ የሆቴል ወረቀትና ኢንሹራንሱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በእጃችሁ ያዙት፣ ፖሊሱ ሊጠይቅ ይችላል። እናቶቻችን ደግሞ ያው ናቸው፣ ቋንጣና ቅቤ አሲዘው ካልላኩ አይሆንላቸውም፣ ስጋና የወተት ተዋጽኦ ከኛ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ይወስዱባችኋል፣ በሶና ሽሮ ያዙ። ለንግድ የመጣ ሳምፕል የያዛችሁ ጉምሩኩ ጋ በአረንጓዴው በር አትውጡ፣ በቀዩ ሄዳችሁ ተናገሩ፣ ዝርዝርና ዋጋ የያዘ ወረቀት ይኑራችሁ።

ከኤርፖርቱ ስር ኤስ-ባን የሚባል የከተማ ባቡር አለ፣ ኤስ 8 ወይም ኤስ 9፣ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ 12 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ግን ሃናው ወይ ኦፈንባህ የሚለውን አቅጣጫ ያዙ፣ ቪስባደን የሚለውን ከያዛችሁ ከከተማው እየራቃችሁ ነው። በር ላይ የሚፈትሽ የለም፣ ቲኬት ሳይኖር ከተያዛችሁ ግን 60 ዩሮ ነው። ከጣቢያው ሜሴ፣ ኤግዚቢሽኑ የሚደረግበት ቦታ፣ በዩ 4 የምድር ውስጥ ባቡር አንድ ፌርማታ ነው። ሆቴል ስትይዙ ደግሞ “አም ማይን” የሚለውን ፍራንክፈርት እዩ፣ ፖላንድ ድንበር ላይ ሌላ ፍራንክፈርት አለ፣ ሃን የሚባለው ኤርፖርትም በስሙ ፍራንክፈርት ይባል እንጂ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በኤግዚቢሽን ሰሞን የከተማው ሆቴል ሰማይ ይነካል፣ ማይንዝ ወይ ዳርምሽታት አድራችሁ በባቡር ተመላለሱ። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፈር ርካሽ አልጋ አለው፣ አደንዛዥ ዕፅ በጠራራ ፀሐይ የሚወሰድበት መንገድም አለው፣ ለሴቶች ማታ ብቻችሁን አልመክርም። የሃበሻ ምግብ ቤት ግን ከተማው ውስጥ አታጡም፣ የኛም የኤርትራም ልጆች ብዙ አሉ፣ ሁለት ቀን ዳቦ ከበላችሁ በኋላ እንጀራው ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

ሜሴው ትልቅ ነው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ሆቴል ይቅር። 3.1 ሲሏችሁ አዳራሽ 3 አንደኛ ፎቅ ማለት ነው፣ ዜሮ ምድር ቤት ነው። የገበያውን ዕድሜ ስነግራችሁ ይገርማችኋል፣ ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ሁለተኛ በ1240 እ.ኤ.አ. ወደ ፍራንክፈርት ገበያ የሚሄድ ነጋዴ በኔ ጥበቃ ስር ነው ብሎ አውጇል፣ እኛ ጋ ይኩኖ አምላክ ሳይነግስ 30 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እና እዛ የምታገኙት ገዢ የገበያ አዲስ አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት እስካሁን አለ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ጣቢያውና ኤርፖርቱ ላይ ካሉት በስተቀር። ውሃ ስትሉ ጋዝ ያለው ነው የሚመጣው፣ አምቦ ለለመደ ችግር የለም፣ ያልወደደ “ሽቲል” ይበል። የውሃውን ላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፣ ስትመልሱት 25 ሳንቲም ይመለስላችኋል። የምትጾሙ “ቬጀታሪሽ” ሳይሆን “ቪጋን” በሉ፣ ቬጀታሪሽ ቅቤም እንቁላልም አለበት፣ አረንጓዴ ነው ብላችሁ ግሩነ ዞሰ የሚባለውን የከተማውን ምግብ እንዳታዙ፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል አለው ግን ከእንቁላል ጋር ነው። ሂሳብ ሲመጣ አንድ ላይ ነው ለየብቻ? ብለው ይጠይቃሉ፣ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ብላችሁ አስተናጋጁን እንዳትጎትቱት፣ የጋበዘ ይከፍላል ያልተጋበዘ የራሱን ይከፍላል፣ መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል፣ ከለመዳችሁት ግን ኪስ ያሳርፋል።

የመጨረሻው፣ ሃይምቴክስቲል ሲያልቅ ጥምቀት ደርሷል። እኛ ተመልሰን ለታቦት እንወጣለን፣ ገዢው ሰኞ ቢሮ ገብቶ ያላችሁትን ኢሜይል ይጠብቃል። የገባችሁትን ቃል እዛው ሜሴ ላይ እያላችሁ በየካርዱ ጀርባ ጻፉ፣ ኢሜይሉን አይሮፕላን ሳትሳፈሩ ላኩት፣ ዋጋው ካልተሰላ አልተሰላም፣ በዚህ ቀን እልካለሁ ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር!

በሉ ማይኩን ልስጣችሁ፣ ያ ኋላ ያለው ልጅ እጁን ካነሳ ቆይቷል።