ሳትነግሩት አትሂዱ
(ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ ስለ ውጤት አላወራም። ከመካከላችሁ ፓስፖርት አውጥታችሁ ቪዛ የምትጠብቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «አትሂዱ» ልላችሁ አይደለም የቆምኩት። የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ በመምህር ደመወዝ የምኖር ሰው ነኝ፣ አይጠፋኝም። ጣና ላይም እምቦጭ መረቡን እየያዘበት ባዶ እጁን የሚመለስ አስጋሪ አይተናል። እንጀራ ፍለጋ የሄደ አይፈረድበትም።

የምለምናችሁ ከልጁ ተደብቃችሁ እንዳትሄዱ ነው።

እናት ልጁ እንደተኛ ሌሊት ትወጣለች። ጠዋት «ጎንደር ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች» ይባላል። ልጁ ይጠብቃል። አንድ ቀን የሰፈር ልጅ «እናትህ እኮ ዐረብ አገር ናት» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ አክስቱ እውነቱን ብትነግረውም አያምናትም። አንዲት ተማሪያችን ቦርሳዋን ከጀርባዋ አታወርድም ነበር። እንዳነገተችው ትማራለች፣ እንዳነገተችው ትጽፋለች። መምህሯ ስትጠይቃት «እማዬ ከመጣች ቶሎ እንድወጣ» አለች።

«ሲያለቅስ ማየት አልችልም» ትሉኛላችሁ። አንጀት ይበላል፣ እውነት ነው። ግን ለቅሶው አይቀርም፤ እናንተ በሌላችሁበት ይሆናል እንጂ።

ስለዚህ የት አገር እንደምትሄዱ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ እሱ ከማን ጋር እንደሚቀር ንገሩት። «ቶሎ እመጣለሁ» አትበሉት። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት በሉት። ብስክሌት ቃል መግባቱም ይቆይ፤ መጀመሪያ ደመወዙ ይድረስ።

ስለ ደላላ በአጭሩ ልበል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በኤጀንሲ ስትሄዱ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን አሠሪው እንዲከፍል ያዛል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የእናንተ ነው። «ለቪዛ ብር አምጪ» የሚል ካለ ዘወር በሉለት። የኮንትራቱን ኮፒ ደግሞ ልጁን ለሚያሳድገው ሰው ተዉለት። ስልካችሁ አልመልስ ያለ ቀን እናንተን መፈለግ የሚጀመረው ከዚያች ወረቀት ነው።

ለእኛም ንገሩን። ልጅ ትኩሳት ይዞት ስንደውል ስልኩ የሚዘጋብን ብዙ ጊዜ ነው።

በሩ አጠገብ ቅጽ አስቀምጠናል። የአሳዳጊውን ስምና ሁለት ስልክ ቁጥር ሞልታችሁ ሂዱ። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ አያቶች ወደ እኔ ኑ፣ እየነገራችሁኝ እጽፋለሁ።