ምነው፣ አትከራከርም?

እየቀዳ ነው? እሺ። ዛሬ ስለ ኮምቦልቻው ጉዞ ላወራችሁ ነበር፤ ይቅር። ቦርሳ ነው፤ ያው ከውጭ የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው አሮጌ የተራራ ቦርሳ። አውቃለሁ፣ "አሁንም ቦርሳ?" ትላላችሁ። እናቴም "ደግሞ ሌላ ሰባራ አልጋ አመጣህ?" ብላለች፤ እንደተለመደው።

የደሴው የሰኞ ገበያ ነገር ከውስጤ አልወጣም ብሎ ነው። ሽማግሌው ከሰልባጁ ክምር ጎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጄሪካን፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ሆዱ የተፈታ ራዲዮ። ፍሬሙ ከኋላቸው ግድግዳ ተደግፏል። ከሩቅ አወቅኩት። ኬልቲ፣ የአሜሪካኖቹ ቦርሳ! ጨርቁ አረንጓዴ የነበረ፣ ፀሐይ የበላው። ቦርሳውን ከአሉሚኒየሙ የሚያያይዙት ፒኖች ከአንዷ በቀር ሁሉም አሉ። በጎደለችው ቦታ ሽቦ ታስሯል። ያውም ጥንቅቅ ብሎ፣ ጫፉ ልብስ እንዳይቀድ ወደ ውስጥ ታጥፎ።

"ስንት ነው አባባ?"

"1,200።"

አውጥቼ ሰጠኋቸው። በቃ።

ብሩን አልቆጠሩትም። ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ አትከራከርም?"

"ዋጋው ጥሩ ነው" አልኳቸው።

ዝም። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማንገቻውን ያዙ። ፍሬሙ በእኔ እጅ፣ ማንገቻው በእሳቸው እጅ። "ምን አለው?" አሉኝ።

ምን አለው! እናንተን በዚህ ስንቴ አሰልችቻችኋለሁ። ዲክ ኬልቲ በ1952፣ በፈረንጆቹ፣ ካሊፎርኒያ ግሌንዴል ቤቱ ውስጥ አሉሚኒየም እያጠፈ፣ ሚስቱ ጨርቁን እየሰፋች እንደጀመሩት። ቀድሞ በእንጨት ፍሬም ተራራ ሲወጣ ጫፎቹን የሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ቢሰካቸው ሸክሙ ከትከሻው ወደ ዳሌው እንደወረደ። የወገብ ቀበቶው ሐሳብ ከዚያ ነው የመጣው። በ1963 ኤቨረስት የወጡት አሜሪካኖችም ኬልቲ ይዘው ነበር። የጦሳን ተራራ በእሱ ስትወጡ ደግሞ በጀርባችሁና በቦርሳው መሀል ንፋስ ያልፋል፤ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል እንጂ… እሱን ትለምዱታላችሁ።

ይሄን ሁሉ ማውራት እችል ነበር። አፌ ተያዘ። "አሮጌ ነገር እወዳለሁ" ብዬ አረፍኩት።

እሳቸውም ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ለቀቁት። "ውሰደው፣ አብሽር" አሉኝ። እንዴ! ማን ማንን ነው የሚያጽናናው?

ጓደኛዬ "800 ብትላቸው 1,000 ላይ ተስማምታችሁ፣ መርቀው ይሸኙህ ነበር" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን እኮ የጠሩትን ነው የከፈልኩት! አንድ ብር አልቀነስኩም። እንዲያውም ትንሽ ተናድጃለሁ፣ እውነቴን ነው። ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ እንደ ሌባ ይታያል? ደግሞ ሌባ አላሉኝም። አስተያየታቸው ያ ላይሆንም ይችላል። ሽቦውን ያሰረው ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ኖሮ…

ቦርሳው ደሴ እንዴት እንደደረሰም አልጠየቅኩም። ፒስ ኮር፣ ማለት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞቹ፣ ኢትዮጵያ የገቡት በ1962 ነው፣ ያው በፈረንጆቹ፤ ደሴም አስተምረዋል። ከአንዱ የቀረ ይሆን? ግምት ነው እንግዲህ።

ትርፍ ፒን አለኝ፣ ሽቦውን ግን አልፈታሁትም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ሰኞ ብቅ ልበል ይሆን? ሄጄስ ምን እላቸዋለሁ? 300 ልጨምርላቸው? እሱማ ጭራሽ ይብሳል። ወላሂ ይብሳል። "ይሄኔ ስንት ቢያወጣ ነው?" ይላሉ። በባዶ እጅ ብሄድስ… ብቻ…