ጣት የምታክለው አምባዛ

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጥጉ ላይ ቦታ አለ።

የተጠራሁት ስለ አገራችን ትልልቅ ዓሣዎች እንድናገር ነው። አምባዛን፣ ቆሮሶን (ቲላፒያ የሚባለውን)፣ የጣናን ነጭ ዓሣ ቤት ውስጥ ስለማኖር። ከመጀመሬ በፊት ልናዘዝ። እኔ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም፣ ተመራማሪም አይደለሁም። የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት አበላሽቼ ነው። አንዳንዱ ዓሣ ሞቶብኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ አልሞት ብሎኝ።

የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ቆቃ ነው። ከአዳማ ስንመለስ መንገድ ዳር ቆምን። አንድ ልጅ አናቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ጣት የምታክል አምባዛ ይዞ ነበር። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሪዟ እንደ ሽማግሌ የተንጠለጠለ። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ባለቤቴ "ምን ትሆንልሃለች?" አለችኝ። "ታምራለች" አልኳት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት።

ቤት 120 ሊትር የምትይዝ መስታወት ነበረችኝ። እዚያ ከተትኳት። አብረዋት ሁለት ትንንሽ ቆሮሶዎች ነበሩ። በሦስተኛው ወር አንዱ ጠፋ። ዘሎ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ከሶፋው ሥር ፈለግሁ። በአራተኛው ወር ሁለተኛውም ጠፋ፤ ያኔ ግን ሶፋውን አላነሳሁም፣ የአምባዛዋን ሆድ አየሁት። በዓመቱ አንድ ክንድ ደረሰች። እስከዚያ ድረስ "እሷ" እያልኩ ነበር የምጠራት፤ አንድ ክንድ ስታልፍ አፌ በራሱ ጊዜ "እሱ" ማለት ጀመረ።

"ዓሣ የሚያድገው በተሰጠው ቦታ ልክ ነው" የሚባል ነገር ሰምታችኋል። ሻጩም ይላችኋል፣ ጎረቤትም ይላችኋል። ውሸት ነው። በጠበበ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ እድገቱ ሊቀንስ ይችላል፣ እሱ ግን ቆሻሻው ስለተጠራቀመበትና መዋኛ ስላጣ ነው፤ አንዳንዱ አከርካሪው ይጎብጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቀጭጮ ነው የቀረው፣ ተስማምቶት አይደለም። አምባዛ በተፈጥሮ ቦታው ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል። ቆሮሶ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የጫሞና የባሮ ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ናይል ፐርች የሚባለው፣ ሁለት ሜትር ሊሞላና ከሰው በላይ ሊመዝን ይችላል። እሱን ቤቴ አስገባለሁ የሚል ካለ ከስብሰባው በኋላ ሻይ ልጋብዘውና እናውራ።

እሺ፣ ትልቅ መስታወት እናሠራ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ዓሣ ቢያንስ ዞር የሚልበት 3 ሜትር በ1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ የሆነ ገንዳ ይፈልጋል እንበል። አባዙት፤ ወደ 2,900 ሊትር ይመጣል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው። ሦስት ቶን ገደማ ሳሎን ውስጥ አስቀመጣችሁ ማለት ነው፤ መስታወቱንና ብረቱን ሳንቆጥር። የመኖሪያ ቤት ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው፣ ይህ ገንዳ ግን በካሬ 800 ኪሎ ያርፍበታል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። መሐንዲስ ጓደኛዬን ስጠይቀው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመና "ታች ያሉት ሰዎች ስንት ናቸው?" አለኝ። ገንዳው በዚያው ቀረ።

ስለ ውኃው እናውራ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ "በሳምንት ሲሶውን ውኃ ቀይሩ" ይላል። ጥሩ። 1,000 ሊትር ገንዳ ካላችሁ ሲሶው ከ300 ሊትር ይበልጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቁጠሩት፤ ከ15 በላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶው ባዶ ሆኖ፣ ልብስ ሳይታጠብ ተከምሮ፣ እናንተ 15 ጀሪካን ለዓሣ ስትገለብጡ ሚስት ምን እንደምትል እዚህ መናገር አልችልም፣ ልጆች አሉ። እናቴ ግን ልትጠይቀኝ መጥታ "ልጄ፣ ይሄ ዓሣ ኪራይ ይከፍላል?" ብላኛለች።

የቧንቧውን ውኃ ደግሞ እንደመጣ አትገልብጡት። ክሎሪን አለው። የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፣ ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ክዳኑ በተከፈተ በርሜል አንድ ቀን ማሳደር ወይም ማርከሻውን መጠቀም ነው። ማሳደር ማለት ደግሞ ሌላ በርሜል፣ ሌላ ቦታ።

ባክቴሪያ ያልኩት ምንድነው? ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ይህም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ናይትሬት ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ፊልተር ላይ እስኪደራጁ ሳምንታት ይፈጃል። ትልቅ ዓሣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያስወጣል። ስለዚህ ውኃው ጠርቶ እያያችሁት መርዝ ሊሆን ይችላል። ዓይን አያየውም፤ መለኪያ ግዙ።

አምባዛ ደግሞ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ከመተንፈሻው በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ አካል አለው። በሱ አየር በቀጥታ ይስባል። ውኃው ኦክስጅን ቢያጣ ወደ ላይ ወጥቶ ጉርሻ አየር ወስዶ ይመለሳል። ሌላ ዓሣ ቢሆን ተገልብጦ "አበላሽተሃል" ይላችኋል። አምባዛ ግን ዝም ብሎ ይኖራል። እኔ ሰባት ወር ሙሉ "ጎበዝ ሆኛለሁ" ብዬ አስብ ነበር። ውኃውን ሳስለካው ጉድ ነው። እሱ ቻለኝ እንጂ እኔ አልቻልኩበትም።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። አምባዛው ግድ የለውም። ቆሮሶ ካላችሁ ግን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ፤ ከሌለ በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፣ ምግብም አትስጡ። ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ዝግ የሆነውን ፊልተር ዝም ብላችሁ አታብሩት። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ሞተው ሊሆን ይችላል፣ ያ የታፈነ ውኃ በሙሉ ዓሣው ላይ ይፈስሳል። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እጠቡትና ከዚያ አብሩ። ይህን የተማርኩት በሌሎች ሁለት ቆሮሶዎች ሕይወት ነው።

አዲስ አበባ ራሷም ከባድ ናት። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ሳስቷል፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቆሮሶ የሚወደው ከ25 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከ17 ሲወርድ መብላት ይተዋል። 1,000 ሊትር ውኃ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቅ ሂተር የሚያመጣውን ቢል አስቡት።

አሁን ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። ክዳኑ ላይ ምንም አላስቀመጥኩም ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ናቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። "ልጄ፣ ኮሪደሩ ላይ እባብ አለ!" አሉኝ። የእኛ በር ሥር ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። አምባዛው ክዳኑን በጭንቅላቱ ገፍቶ፣ ወርዶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ወጥቷል። አቧራና ፀጉር ለብሶ እየተሳበ ነበር። በሕይወት አለ! በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ መለስኩት። እትዬ እስከዛሬ በእኛ በር ሲያልፉ ያማትባሉ። አምባዛ መሬት ላይ መሄድ ይችላል፣ ክዳን ላይ ድንጋይ አድርጉ። ከውኃው በላይ አየር የሚስብበት ባዶ ቦታም ተዉለት።

የጣናን ነጭ ዓሣ በተመለከተ ግን (ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ናይል ፐርች አይደለም) አጭር ነኝ፤ አታምጡት። ጣና ውስጥ ከአንድ ዘር የተከፋፈሉ ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። አንዳንዶቹ ዓሣ አዳኝ ናቸው፣ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ የለም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ጉማራንና ርብን በመሳሰሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ ነው የሚራቡት። እዚያው መንገድ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እኛ ደግሞ በፌስታል ቋጥረን አውቶቡስ ላይ እንጭናቸዋለን፣ ግማሹ ዓባይን ሳይሻገር ይሞታል። የቀረው መስታወት ለመስታወት እየተላተመ አፍንጫውን ይልጣል። አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ዓሣው ሲያድግብን ምን እናደርጋለን? አብዛኛው ሰው ይለቀዋል። "ነፃ አወጣሁት" ይላል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ናይል ፐርች ተጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የዓሣ ዓይነቶች ጠፍተዋል ወይም ሊጠፉ ደርሰዋል። የራሱ አገር ዓሣ ቢሆንም ከሌሎች ጋር ስለኖረ በሽታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የዓሣ አዋጅም አለን፣ ቁጥር 315/1995፤ ዓሣ በሕይወት ከቦታ ቦታ ከማጓጓዛችሁ በፊት የክልላችሁን ግብርና ቢሮ ጠይቁ።

እኔም ቸግሮኝ ነበር። እንዳልበላው፣ ቅርፊት የለውም ብለን ቤታችን አምባዛ አይበላም። ለሰው እንዳልሰጥ፣ ሁሉም "ያመለጠው እሱ ነው?" ይላል። በመጨረሻ አዳማ አካባቢ ያለ ዘመዴ የመስኖ ውኃ የሚያጠራቅምበት፣ በፕላስቲክ የተነጠፈና የታጠረ ኩሬ አለው፣ እሱ ተቀበለኝ። በበርሜል ወስደን አስገባነው። ውኃው ሞቃት ነው፣ ክረምት ሲመጣም ሞልቶ አይፈስም፣ ያንን አስቀድመን አይተናል። ባለፈው ስሄድ አንዴ ብቻ አየር ሊወስድ ብቅ አለ። ጭንቅላቱ የአካፋ ያህል ሆኗል።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ። ብቻ፣ ከኋላ በሩ አጠገብ የቆምከው ወንድሜ፣ ስትገባ አይቼሃለሁ። ፌስታሉን ወንበር ሥር አትደብቀው፣ አየር ያጥራታል። አምጣትና እስኪ እንያት፣ ስንት ሊትር ነው ቤትህ ያለው?