የኔትወርክ ሰርተፊኬት፦ የቱን ልምረጥ? እንዴትስ ልዘጋጅ?

[በስክሪኑ ላይ፦ አንድ ራውተር፣ ከእሱ የሚወጡ ሁለት መስመሮች]

ወደ 10.1.1.50 የሚሄድ ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ራውተር ላይ ደረሰ። ራውተሩ ሁለት መንገድ ያውቃል። አንዱ በእጅ የተሞላ ስታቲክ ራውት ነው፤ 10.0.0.0 ስላሽ 8 ይላል (ከስላሽ በኋላ ያለው ቁጥር ከአድራሻው ስንት ቢት ኔትወርኩን እንደሚያመለክት ይናገራል)። ሌላው ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ በኦኤስፒኤፍ፣ የመጣ ነው፤ 10.1.1.0 ስላሽ 24። ፓኬቱ በየትኛው ይወጣል? ቪዲዮውን አቁሙና መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጻፉት።

[ሦስት ሰከንድ ዝምታ]

ብዙ ሰው «በስታቲኩ» ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የስታቲክ ራውት አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (የመንገዱ ምንጭ የታማኝነት ደረጃ) 1፣ የኦኤስፒኤፍ ደግሞ 110 ነው፤ ትንሹ ይመረጣል። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ሁለቱ መንገዶች ያንኑ ኔትወርክ ከነስላሹ ሲያመለክቱ ብቻ ነው። እዚህ ስላሾቹ ይለያያሉ፤ ስላሽ 24 መድረሻውን ይበልጥ አጥብቦ ስለሚያሳይ ፓኬቱ በኦኤስፒኤፍ መንገድ ይወጣል። 1 እና 110ን በቃሉ የያዘ ሰው ይህን ጥያቄ ሊስተው ይችላል፤ ራውተር መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያይ የገባው ሰው አይስተውም። ስለ ዝግጅት የምነግራችሁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሲሲኤንኤ፣ ኔትወርክ ፕላስ፣ ጄኤንሲአይኤ ጁኖስ]

ለጀማሪ በብዛት የሚነሱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የኮምፕቲያው ኔትወርክ ፕላስ የአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ አይወሰንም፤ በ90 ደቂቃ እስከ 90 ጥያቄ ይጠየቃል፤ ውጤቱ ከ100 እስከ 900 ባለው መለኪያ 720 ከሆነ ታልፋላችሁ። የሲስኮው ሲሲኤንኤ 120 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ በየዘርፉ የተከፋፈለ ነበር፣ ከየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አንድ ፈተና ሆኗል። የጁኒፐሩ ጄኤንሲአይኤ ጁኖስ መሥሪያ ቤታችሁ ጁኒፐር የሚጠቀም ከሆነ ይጠቅማችኋል፤ አለዚያ በእሱ አትጀምሩ።

የኔ ምክር ይህ ነው። ራውተርና ስዊች ላይ ገብታችሁ ኮንፊገር የምታደርጉበትን ሥራ ከፈለጋችሁ በቀጥታ ወደ ሲሲኤንኤ ሂዱ፤ ቅድመ ሁኔታ የለውም። ኔትወርክ የሥራችሁ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተጠቃሚ ድጋፍ ወይም የሰርቨር ሥራ ላይ ከሆናችሁ፣ ኔትወርክ ፕላስ ይበቃችኋል። ሁለቱንም ለመያዝ ጊዜና ገንዘብ ማውጣት ግን አልመክርም፤ የሚደራረብ ይዘታቸው ብዙ ነው። ከሲሲኤንኤ ቀጥሎ ያለውን የሲስኮ ደረጃ፣ ሲሲኤንፒን፣ ያለ ሲሲኤንኤ መፈተን ደንቡ ይፈቅዳል። እኔ ግን መሠረቱን አትዝለሉ እላለሁ፤ እዚያ ስትደርሱ መሠረቱን የሚያስተምራችሁ የለም።

አሁን ዝግጅቱ። ከመጽሐፍም ከቪዲዮም በፊት ሲስኮ ለሲሲኤንኤ በነጻ ያወጣውን የፈተና ርዕሶች ዝርዝር አውርዱ። ሰዎች ፐርሰንቱን ያዩና ያልፉታል፤ አይፒ ኮኔክቲቪቲ 25 በመቶ፣ ኦቶሜሽን 10 በመቶ እያሉ። እናንተ ግሶቹን አንብቡ። አንዳንዱ ርዕስ «ግለጽ» ይላል፤ አንዳንዱ «ኮንፊገር አድርገህ አረጋግጥ» ይላል። ኦኤስፒኤፍ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ እጃችሁ እስኪለምደው መሥራት አለባችሁ። አንዱ ጌትዌይ (ከኔትወርኩ የሚወጣበት ራውተር) ሲወድቅ ሌላው የሚተካበት ፕሮቶኮል ግን «ግለጽ» ከሚባሉት ነው፤ ዓላማውንና አሠራሩን ካወቃችሁ ኮማንዱን ለመሸምደድ ቀናት አታጥፉ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 172.16.45.200 ስላሽ 20]

ሰብኔቲንግን፣ ማለትም ኔትወርክን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈልን፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። ስላሽ 20 ማለት ሦስተኛው ቁጥር ላይ በ16 በ16 እንዘላለን ማለት ነው፤ 0፣ 16፣ 32፣ 48። 45 የሚያርፈው በ32 እና በ48 መካከል ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ 172.16.32.0፣ ብሮድካስቱ (ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላክበት አድራሻ) 172.16.47.255 ነው፤ ለዕቃዎች የሚሰጥ 4,094 አድራሻ አለ። ይህን በግማሽ ደቂቃ መመለስ እስክትችሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥሩ።

ላብ ለመሥራት ፓኬት ትሬሰር፣ የሲስኮው የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም፣ በነጻ ይገኛል፤ ለሲሲኤንኤ ይበቃል። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። መመሪያ እያዩ ኮማንድ መገልበጥ ጣትን እንጂ ጭንቅላትን አያሠራም። የሚሠራ ላብ ካላችሁ ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ ከማበላሸታችሁ በፊት ደግሞ ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ ሁለት ራውተሮች በኦኤስፒኤፍ ተገናኝተዋል። በኤተርኔት ላይ የሄሎ ጊዜው፣ «አለሁ» የሚል መልእክት የሚላክበት ልዩነት፣ 10 ሰከንድ ነው። በአንዱ በኩል ብቻ ወደ 5 ቀይሩት። በሁለቱ መካከል ፒንግ (መድረስ አለመድረሱን የሚፈትን መልእክት) ይሠራል? ኔበርነታቸውስ፣ መንገድ የሚለዋወጡበት ትስስር?

[በስክሪኑ ላይ፦ ፒንጉ ሲመለስ፣ የኔበር ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን]

ፒንጉ ይሠራል፤ ኔበርነቱ ግን ይፈርሳል። ገመዱም አድራሻውም ደህና ነው፤ ያልተስማሙት የሄሎ ጊዜው ላይ ነው። ይህን በግምት ጽፎ፣ አይቶ፣ ግምቱ ሲሳሳት ምክንያቱን የፈለገ ሰው «ፒንግ ይሠራል፣ ራውቱ ግን አልመጣም» የሚል ጥያቄ ሲያጋጥመው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ከዚያ ኤሪያውን (የኦኤስፒኤፍ ክፍሉን) አለያዩ፣ ሰብኔት ማስኩን ቀይሩ፣ ትራንኩ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) ላይ አንዱን ቪላን (ስዊች ላይ የተለየ ኔትወርክ) ከልክሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት የጥናት መንገድ ይህ ነው።

ዳምፕ የሚባለውን፣ ከፈተና የተሰረቀ ጥያቄና መልስ፣ አትንኩ። ሰርተፊኬታችሁን ሊያሰርዝ ይችላል፤ መልሶቹም ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነጭ ሰሌዳ ፊት ሲያቆሟችሁም አያድናችሁም።

ስለ ፈተናው ቀን አንድ ነገር፦ ሲሲኤንኤ ላይ ያለፋችሁትን ጥያቄ ተመልሳችሁ ማየት አትችሉም። ስለዚህ ልምምድ ስትሠሩም ወደ ኋላ መመለስን ከልክሉ፤ ወስኖ ማለፍ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

የሲሲኤንኤ ሰርተፊኬት የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው። ያንኑ ፈተና ደግሞ መውሰድ አንዱ የማደሻ መንገድ ነው። ወደ ሲሲኤንፒ ለመቀጠል ካሰባችሁ ግን ጊዜውን አስሉ፤ 3 ዓመቱ ሳያልቅ ከሲሲኤንፒ ፈተናዎች አንዱን ካለፋችሁ ሲሲኤንኤያችሁ አብሮ ይታደሳል።