ፒየር ሞሯ፦ ጠቅላይ ሚኒስትርም ከንቲባም የነበሩት ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ስለቆየሁት አንድ ፈረንሳዊ ሶሻሊስት ነው። ፒየር ሞሯ ይባላሉ። ከ1973 እስከ 2001 የሰሜን ፈረንሳይዋ የሊል ከተማ ከንቲባ፣ ከ1981 እስከ 1984 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱን ወንበሮች በአንድ ጊዜ መያዛቸው ብቻውን አያስደንቀኝም፤ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የተለመደ ነበርና። የሚያስደንቀኝ በማዕከላዊው መንግሥት ቁንጮ ላይ ሳሉ የዚያኑ መንግሥት ሥልጣን ቆርሰው ለከተሞችና ለክልሎች መስጠታቸው ነው።

ሞሯ በ1928 ካርቲኚ በምትባል የኖር ዲፓርትማን (ዲፓርትማን በፈረንሳይ ከክልል የሚያንስ የአስተዳደር ክፍል ነው) መንደር ውስጥ ከአንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ቤት ተወለዱ፤ ለሰባት ልጆች የበኩር ነበሩ። አካባቢው የከሰል ድንጋይ ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገር ነው፤ ሶሻሊዝም እዚያ ከመጽሐፍ ይልቅ በማዘጋጃ ቤት፣ በሠራተኛ ማኅበርና በኅብረት ሥራ ሱቅ የሚታወቅ ነገር ነበር። የሊል ማዘጋጃ ቤት 104 ሜትር የሚረዝም የደወል ማማ አለው፤ የተገነባው ሮዤ ሳላንግሮ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ነው። ሳላንግሮ በ1936 የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ሳለ ቀኝ አክራሪ ጋዜጦች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከድቷል እያሉ ስማቸውን አጠፉ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሊል በሚገኘው ቤታቸው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ሞሯ የተቀመጡበት ወንበር ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ወንበር ነበር፤ ስለ ሰውየው ስናስብ ይህን መርሳት የለብንም ባይ ነኝ።

እርሳቸውም በሙያቸው የቴክኒክ ትምህርት መምህር ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሠራተኛ ልጆች ስፖርትና የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ እንዲያገኙ የሚሠራውን የሊዮ ላግራንዥ ፌዴሬሽን መሠረቱ። በ1971 ኤፒኔ ላይ በተደረገው የሶሻሊስት ፓርቲው ጉባኤ፣ ጠንካራውን የኖር ሶሻሊስቶች ድምፅ ከፍራንሷ ሚተራን ጎን አሰልፈው ሚተራን የፓርቲው መሪ እንዲሆኑ ካስቻሉት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሚተራን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን የሰጡት ለእርሳቸው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው ሲቆጠር ትንፋሽ ያሳጥራል፦ የሞት ቅጣት ተሻረ፤ የሥራ ሳምንት ወደ 39 ሰዓት ዝቅ አለ፤ አምስተኛ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ተጨመረ፤ የጡረታ ዕድሜ 60 ሆነ፤ አምስት ታላላቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶችና በርካታ ባንኮች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ። አራት ኮሚኒስቶችም በሚኒስትርነት ካቢኔው ውስጥ ገቡ። ከእነዚህ መካከል የትኛው ዘለቀ ብለን ብንጠይቅ፣ ድርጅቶቹንና ባንኮቹን ከ1986 ጀምሮ የመጡ መንግሥታት መልሰው ለግል ሸጠዋቸዋል፤ የጡረታ ዕድሜውም በ2010 በወጣው ሕግ ከ60 ከፍ ብሏል። በመጋቢት 2 ቀን 1982 የወጣው ያልተማከለ አስተዳደር ሕግ ግን እስከ ዛሬ የአገሪቱ የአስተዳደር መሠረት ነው።

ይህ ሕግ ምን እንደለወጠ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ የሰውየው ታላቅነት እዚህ ላይ ነው የሚል እምነት አለኝና። ከዚያ በፊት በእያንዳንዱ ዲፓርትማን ፓሪስ የምትሾመው፣ ፕሬፌ የሚባል ሹም ነበር። ምክር ቤቱን ሕዝብ ይምረጠው እንጂ በጀቱን የሚያዘጋጀውም ውሳኔውን የሚያስፈጽመውም ይኸው ሹም ነበር፤ የከተሞች ውሳኔም ቢሆን በእርሱ የቅድሚያ ቁጥጥር ሥር ያልፍ ነበር። አዲሱ ሕግ የማስፈጸም ሥልጣኑን ለተመረጠው የምክር ቤት ፕሬዚዳንት አስተላለፈ፤ ክልሎችንም በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት ያላቸው ሙሉ የአስተዳደር አካላት አደረጋቸው። ሹሙ ከእንግዲህ አንድ ውሳኔ ሕግ ይጥሳል ብሎ ካመነ ጉዳዩን ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቀርባል እንጂ አስቀድሞ ሊከለክል አይችልም። ሕጉን ያቀረቡት የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ጋስቶን ደፌር ናቸው፤ ደፌር ደግሞ የማርሴይ ከንቲባ ነበሩ። ሞሯም ከ1974 ጀምሮ የኖር ፓ ደ ካሌ ክልል ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ሥልጣን የሌለው ክልል መምራት ምን ማለት እንደሆነ ለሰባት ዓመታት አይተውታል። ሁለት ከንቲባዎች የመንግሥቱን መሪ ሲጨብጡ ያደረጉት የመጀመሪያው ትልቅ ነገር የከንቲባን እጅ መፍታት መሆኑ ለእኔ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ መከራው መጣ። የፈረንሳይ ገንዘብ ፍራንክ በ18 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ዋጋው እንዲቀነስ ተደረገ። በመጋቢት 1983 ግራዎቹ በማዘጋጃ ቤት ምርጫ በርካታ ትላልቅ ከተሞችን ሲያጡ፣ ሚተራን የአባል አገሮችን ገንዘብ ምንዛሪ ከሚያስተሳስረው ከአውሮፓ የገንዘብ ሥርዓት ልውጣ ወይስ ልቆይ እያሉ ለቀናት አመነቱ። ሞሯ ከሥርዓቱ የሚወጣ መንግሥት አልመራም ብለው እምቢ አሉ፤ በመጨረሻም ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከዣክ ደሎር ጋር ሆነው የቁጠባውን መርሐ ግብር በራሳቸው ስም ተሸከሙ። ግብር ተጨመረ፤ ለዕረፍት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በዓመት ይዞ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ በ2,000 ፍራንክ ተወሰነ፤ ይህም በእያንዳንዱ ተጓዥ ስም በሚሰጥ ደብተር ላይ ይመዘገብ ነበር። በዚያ ደብተር የተማረረው ሕዝብ ጥቂት አልነበረም፤ ነገር ግን ያንን ውሳኔ ለሌላ አሳልፈው አለመስጠታቸውን አከብርላቸዋለሁ። በሰኔ 1984 በግል ትምህርት ቤቶች ረቂቅ ሕግ ምክንያት እጅግ ብዙ ሕዝብ ፓሪስ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ሚተራን ረቂቁን ሲሰርዙት ሞሯ በሐምሌ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የ37 ዓመቱ ሎራን ፋቢዩስ ተተኩ።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ሞሯ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነውም የሊልን ወንበር አልለቀቁም ነበርና ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ለእኔም ከሕይወታቸው ሁሉ ይበልጥ ፍሬያማ የሆነው ይህ ዘመን ነው። ሊል በ1983 የከፈተችው ሜትሮ ሹፌር የለውም፤ እኔም በተሳፈርሁበት ጊዜ ሹፌር ሊቀመጥበት በሚገባው የፊት መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ዋሻው ወደ እኔ ሲመጣ እያየሁ ሄድሁ። (የሜትሮው ዋነኛ ባለውለታ ግን የአካባቢው ከተሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት አርቱር ኖትባር ነበሩ፤ ምስጋናው ለእርሳቸው ይገባል።) በጥር 1986 ሚተራንና የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘውን የማንሽን የባሕር ሥር ዋሻ ስምምነት ያወጁት እዚያው በሊል ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። ሞሯ ከዚያ ወዲያ ፈጣኑ ባቡር በአሚያን በኩል እንዳይሄድ፣ ይልቁንም የሊልን እምብርት አቋርጦ እንዲያልፍ ያለመታከት ተከራከሩ፤ ተሳካላቸውም። ፋብሪካዎቿ ይዘጉባት የነበረች ከተማ ከፓሪስ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆነች፤ ባቡሩ በሚያልፍበት ስፍራም ዩራሊል የተባለ አዲስ ሰፈር ተሠራ።

ከዚህም ሌላ የፓርቲያቸው ዋና ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የቀድሞውን የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንትን ተክተው የሶሻሊስት ኢንተርናሽናል (የዓለም ሶሻሊስት ፓርቲዎች ኅብረት) ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ከ1992 እስከ 2011 በሴኔት ተቀምጠዋል። በ2001 ከንቲባነቱን ለዣክ ደሎር ልጅ ለማርቲን ኦብሪ አስረከቡ። በሰኔ 2013 አረፉ።

ከዚያ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በየካቲት 2014፣ የብሔራዊ ምክር ቤትና የሴኔት አባላት ከንቲባ እንዳይሆኑ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የሕጉን ዓላማ እቀበላለሁ፤ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ወንበር ይዞ ለአዲስ ሰው ቦታ ማሳጣቱ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሞሯም ራሳቸው ከንቲባ፣ ሴኔተርና የከተሞቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት በአንድነት የነበሩባቸው ዓመታት አሉ። ሆኖም የ1982ቱ ሕግ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሆነው የፓሪስን ፈቃድ ይጠብቁ በነበሩ ሰዎች እጅ መጻፉን ሳስብ፣ ዛሬ በፓሪስ ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ያንን ፈቃድ መጠበቅ የሚያውቁት ከማን አፍ ሰምተው ይሆን እያልሁ እጠይቃለሁ። እናንተ አድማጮቼስ በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?